የሞንታና ጅረቶችና ኩሊዎች በካርታ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከሲያትል ወደ ምሥራቅ ሞንታና መመላለስ ከጀመርኩ ወዲህ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «እዚያ ደግሞ ምን አለ?» ሣር አለ። ከብት አለ። ማለቂያ የሌለው ሰማይ አለ። ለእኔ ግን ዋናው ካርታው ነው። ስለ እሱ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኩሊ ምንድን ነው? ዕቃ ተሸካሚ አይደለም እንዴ?

በእኛ አማርኛ አዎ። ይሄኛው ግን ሌላ ኩሊ ነው። ቃሉ «መፍሰስ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ድሮ የእንስሳ ቆዳ ይነግዱ የነበሩ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ይዘውት ገቡ፣ እዚያው ቀረ። በሞንታና፣ በዳኮታዎቹ፣ በአልበርታና በሳስካችዋን የዕለት ተዕለት ቃል ነው።

ነገሩን በእኛ ቋንቋ ካላችሁኝ ፈፋ ወይም ሸጥ ነው። ሜዳው ላይ እየሄዳችሁ መሬቱ ድንገት እግራችሁ ሥር ተሰንጥቆ ወደ ታች ይወርዳል። ከሩቅ አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ በረዶ ሲቀልጥ ወይም ዶፍ ሲወርድ ብቻ ውሃ ያልፍበታል።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። እዚህ እኛ ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ያለው ግራንድ ኩሊ ስሙ ኩሊ ይሁን እንጂ የበረዶ ዘመን ጎርፍ የቦረቦረው ግዙፍ ሸለቆ ነው። የሞንታናውን ስትሰሙ እሱን አታስቡ። የሞንታናው አንድ ላም ከነጥጃዋ ከነፋስ የምትጠለልበት ዓይነት ነው።

ጅረቱንስ ምን ይሉታል?

ክሪክ። የከተማ ሰው ሳብ አድርጎ ይጠራዋል። የአገሬው ከብት አርቢ ግን ቁርጥ አድርጎ «ክሪክ» ነው የሚለው፤ ልክ በፊደላችን እንደጻፍኩት።

ሰው በሌለበት አገር ካርታው ለማን ነው?

ሰውማ አለ፤ ጥቂት ነው እንጂ። ጋርፊልድ የሚባለውን ካውንቲ፣ እንደ እኛ ወረዳ ያለውን፣ ውሰዱ። ስፋቱ ወደ 12,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባን ከሃያ ጊዜ በላይ ያህላል። በ2020 ሕዝብ ቆጠራ የተገኘው ነዋሪ 1,173 ነው። ጎረቤቱ ፔትሮሊየም ካውንቲ 496 ሰው ብቻ ነው ያለው። እኛ ለአንድ ሠርግ ከዚያ በላይ እንጠራለን።

ሰው ባነሰ ቁጥር ካርታ የበለጠ ያስፈልጋል። መንገድ ዳር ቆማችሁ የምትጠይቁት ሰው የለም፣ ታፔላም የለም። ከብት አርቢው ኩሬ የት እንደሚቆፍር፣ አጥሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚወስነው የውሃውን አወራረድ አይቶ ነው። የሣር እሳት ሲነሳ ደግሞ በስልክ የሚነገረው አድራሻ የቤት ቁጥር አይደለም። «እንትን ኩሊ አናት ላይ፣ ከዊንድሚሉ በስተሰሜን» ነው የሚባለው፤ ዊንድሚል በነፋስ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ነው። ያንን ሰምቶ ቦታው ላይ ጣቱን የሚያሳርፍ ሰው ካርታ በእጁ ሊኖረው ይገባል።

ማን ነው የሠራው?

ዩኤስጂኤስ በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቀው የአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት ነው። የተቋቋመው በ1879 ነው። ሁለተኛው ኃላፊው ጆን ዌስሊ ፓውል በእርስ በርስ ጦርነቱ አንድ ክንዱን ያጣና ከዚያ በኋላ የኮሎራዶን ወንዝ በጀልባ የወረደ ሰው ነው። በ1884 አገሪቱን በሙሉ በካርታ የመሸፈኑን ሥራ ያስጀመረው እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች መሣሪያ የሚያስገርም አልነበረም። ሦስት እግር ያለው ሰሌዳ፣ በላዩ የተወጠረ ወረቀት፣ ከወረቀቱ በላይ ማነጣጠሪያ መነጽር። ኮረብታ ላይ ይወጣሉ፣ ያያሉ፣ እዚያው ቆመው ይስላሉ። ቀጥሎ የአውሮፕላን ፎቶ መጣ። አንድን ቦታ ከሁለት አቅጣጫ የሚያሳዩ ተደራራቢ ፎቶዎችን በልዩ መሣሪያ ሲያዩአቸው መሬቱ ከነከፍታው ብድግ ብሎ ይታያል። ባለሙያው በዚያ ላይ የከፍታ መስመሮችን ይከተላል።

ዛሬ «ቶፖ»፣ ማለትም የመሬቱን ከፍታና ቅርጽ የሚያሳይ ካርታ፣ ሲባል ሰው የሚያስበው 1፡24,000 ካርታ ነው። ሥራው ከ1947 እስከ 1992 ፈጅቷል። ከ55,000 በላይ ቅጠል፣ ማለትም የካርታ ሉህ፣ ነው። እያንዳንዱ ቅጠል ቁመቱም ጎኑም ሰባት ደቂቃ ተኩል የዲግሪ ልክ ነው። ሞንታና ላይ ይህ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ቁመትና 9 ኪሎ ሜትር ተኩል ወርድ ይሆናል። ወርዱ የሚያንሰው የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ሰሜን እየሄዱ ስለሚጠባበቡ ነው። በትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ክፍል የኢትዮጵያን 1፡50,000 ካርታ ያየ ሰው ይሄኛውን ሲያይ ዝርዝሩ ይገርመዋል።

አንድ ነገር ግን ከአየር ላይ አይገኝም፦ ስም። ፎቶ ስም አይናገርም። ስለዚህ ፎቶው ካለቀ በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ሰው በመኪና ከእርባታ እርባታ እየዞረ «ይህን ኩሊ ምን ትሉታላችሁ? ይህ ምንጭ በጋም ይፈልቃል?» እያለ ይጠይቅ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ኩሊን ካርታው ላይ በምን አውቀዋለሁ?

በቡናማዎቹ የኮንቱር መስመሮች። አንድ ኮንቱር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው። ኩሊ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና ሹል ይሠራል። የሹሉ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይኛው ተፋሰስ፣ ውሃው ወደመጣበት ያመለክታል። ጀማሪ ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ያነበዋል። እኔም አንብቤዋለሁ፤ በደረቁ ኩሊ ወደ ታች የወረድኩ መስሎኝ አንድ ሰዓት ሙሉ ሽቅብ ሄጃለሁ።

ዳገቱን መለካትም ከባድ አይደለም። በዚህ መስፈርት አንድ ሴንቲ ሜትር 240 ሜትር ነው። በሜዳማው አገር በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ብዙ ጊዜ 20 ጫማ፣ ማለትም 6 ሜትር ያህል ነው፤ ቅጠሉ ግርጌ ላይ ተጽፏል። አንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አምስት መስመር ከወጣችሁ 240 ሜትር ተጉዛችሁ 30 ሜትር ወጣችሁ ማለት ነው። ይህ ወደ 13 በመቶ ዳገት ነው። በእግር ያስኬዳል፤ ላብ ግን አለው።

አሁን ወጥመዱን ልንገራችሁ። ከስድስት ሜትር ያነሰ ነገር በሁለት መስመሮች መካከል ሊደበቅ ይችላል። ክሪኩ ዳሩን እየሸረሸረ የሠራው አራት ሜትር ቀጥ ያለ ገደል ካርታው ላይ ምንም ላይመስል ይችላል። ወረቀቱ ላይ ለጥ ያለ ሜዳ፣ ፊታችሁ ላይ ግን ግድግዳ። በዚህ አገር ሰውን የሚያስቸግረው ትልቁ ገደል አይደለም፤ እሱማ ይታያል። ይቺ ትንሿ ናት።

ሰማያዊ መስመር ካለ ውሃ አለ ማለት ነው?

አይደለም! ይህን ስህተት የሚሠራ ሰው ጠርሙሱን ባዶውን ይዞ ይወጣል።

ሳይቆራረጥ የሚሄድ ሰማያዊ መስመር ክረምት ከበጋ የሚፈስ ውሃ ነው። መስመሩ እየተቆረጠ በመካከሉ ሦስት ነጥብ ካለበት በወቅቱ ብቻ የሚፈስ ነው። የምሥራቅ ሞንታና ካርታ ከዳር እስከ ዳር በነጥብ የተሞላ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ምዕራቡን እንዲያስሱ የላካቸው ሉዊስና ክላርክ ሚዙሪን ወንዝ ሽቅብ ሲሄዱ ሜይ 9 ቀን 1805 አንድ ትልቅ ወንዝ አፍ ላይ ደረሱ። ወርዱ 800 ሜትር ይሆናል። ውስጡ ግን አንዲት ጠብታ የሚፈስ ውሃ አልነበረም። «ትልቁ ደረቅ» ብለው ሰየሙት። ዛሬም ስሙ ቢግ ድራይ ክሪክ ነው። የሚገርመው ያ ያዩት የወንዝ አፍ አሁን ውሃ ውስጥ ነው። ከ1933 እስከ 1940 የተገነባው የፎርት ፔክ ግድብ ሐይቅ ዋጠው። ደረቁ ወንዝ መጨረሻው ላይ ሰጠመ።

ለመጠጥ ውሃ ከፈለጋችሁ ደግሞ ትንንሾቹን ሰማያዊ ኩሬዎች አትመኑ። ኩሊውን በአፈር ገድበው ለከብት ያጠራቀሙት ነው። ከብቱ ይጠጣበታል፣ ይቆምበታል፣ ሌላም ነገር ያደርግበታል።

ስሞቹ ለምን ይደጋገማሉ?

ደረቅ ክሪክ፣ ምንጭ ኩሊ፣ ጥጥ ዛፍ ክሪክ። እያንዳንዱ ሰፋሪ በየፊናው ያየውን ሰየመ። ለእሱ የሚያውቀው ክሪክ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ካውንቲ አልፎ ሌላ ደረቅ ክሪክ መኖሩ ግድ አይሰጠውም። እኛ አገርስ ስንት ጥቁር ውሃ አለ?

የፌዴራሉ የቦታ ስሞች ቦርድ በ1890 የተቋቋመው ይህን ዝብርቅርቅ መልክ ለማስያዝ ነው። ደንቡ ብዙ ነው። ለምሳሌ ቦታ በሰው ስም እንዲሰየም ከተፈለገ ሰውየው ከሞተ ቢያንስ አምስት ዓመት ሊሞላው ይገባል። በ2022 ደግሞ የነባር ሕዝቦችን ሴቶች የሚያዋርድ አንድ ቃል የነበረባቸው ወደ 650 የሚጠጉ ቦታዎች በመላ አገሪቱ ስማቸው ተለውጧል። ስለዚህ የድሮ ካርታ ላይ የምታዩት ስም አዲሱ ላይ ላይኖር ይችላል።

ከሁሉም የምወደው ስም ግን ሚልክ ሪቨር ነው፣ የወተት ወንዝ። ሉዊስ ቀለሙን ሲገልጸው አንድ ስኒ ሻይ ውስጥ አንድ ማንኪያ ወተት እንደጨመሩበት ነው አለ። ሐበሻ ቢደርስበት ኖሮ ያለጥርጥር ሻይ በወተት ይባል ነበር።

ካርታው ላይ ያሉት ቀያይ ሳጥኖች ምንድን ናቸው?

የመሬት ሸንሸና ነው። በ1785 በወጣ ሕግ የተጀመረ ነው። አንዱ ሳጥን «ሴክሽን» ይባላል፤ ጎኑ አንድ ማይል፣ ስፋቱ 259 ሄክታር ነው። ሠላሳ ስድስቱ ተሰብስበው አንድ «ታውንሺፕ» ይሆናሉ። አቆጣጠሩ ከሰሜን ምሥራቅ ማዕዘን ይጀምርና ወደ ምዕራብ ይሄዳል፤ ስድስት ላይ ሲደርስ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በሬ ጠምዶ ያረሰ ሰው ይህን ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፦ ትልም ጨርሶ መመለስ ነው።

ክሪኩ ግን ሳጥን አያውቅም። አንዱ ኩሊ ሦስት ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

ካርታው መንገድ ካሳየ በመኪና እገባለሁ?

በደረቅ ቀን፣ ምናልባት። ሁለት ትይዩ የተቆራረጡ መስመሮች ካያችሁ ያልተጠረገ መንገድ ነው፤ የጎማ ዱካ ነው ብላችሁ ውሰዱት።

የዚያ አገር አፈር ጋምቦ ይባላል። እኛ ዋልካ የምንለው ዓይነት ነው። ሲደርቅ ሲሚንቶ፣ ሲረጥብ ሳሙና። እኔ ጁን ላይ በኪራይ መኪና አንድ ኩሊ ልሻገር ገባሁ። ሃያ ደቂቃ ዘነበ። ጭቃው ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ጎማው ከመከለያው ጋር እስኪጣበቅ ድረስ ወፈረ፤ መኪናዋ ቀጥ አለች። ወርጄ ስራመድ ጫማዬም እንደዚያው ሆነ፣ በየእርምጃው አንድ ኪሎ እየጨመርኩ። መኪናዬ ውስጥ አደርኩ።

በነጋታው ረፋድ ላይ አንድ ሽማግሌ ከብት አርቢ በፒካፕ መጡ። ካርታዬን አዩት።

«ካርታው መንገድ ነው አለህ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ይኸው አባቴ።»

«ልክ ነው። ካርታውን የሠሩት ኦገስት ላይ ነዋ።»

የእነሱ ኦገስት እንደ እኛ ነሐሴ አይደለም፤ ድርቅ ያለ በጋ ነው። ጎትተው አወጡኝ፤ ገንዘብ ልስጥዎት ብላቸው ተቆጡ። የሚቀጥለውን ኩሊ በየት በኩል እንደምሻገር ግን ካርታዬ ላይ በእርሳስ አሰመሩልኝ። ያ መስመር እስካሁን አለ። ማንም ያሳተመው ካርታ ላይ የለም።

የድሮው ይሻላል ወይስ አዲሱ?

ሁለቱንም ያዙ። ምክንያቱ ይህ ነው።

ከ2009 ጀምሮ የሚወጣው አዲሱ ካርታ ዩኤስ ቶፖ ይባላል። ኮምፒውተር ከብሔራዊ የመረጃ ቋቶች እየሰበሰበ የሚያትመው ነው። ያምራል። ሥሩ የአየር ፎቶ አለው። በየጊዜው ይታደሳል። ነገር ግን ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የጠየቀ ሰው የለበትም። ስለዚህ ብዙ ነገር ጎድሎታል። አሮጌው ቅጠል ላይ ዊንድሚሉ፣ የውሃ ጉድጓዱ፣ የከብት በረቱ እያንዳንዱ በቦታው አለ። አዲሱ ላይ ባዶ ሣር ነው።

አሮጌው ላይ የጠፋ ሕይወትም ታያላችሁ። በ1909 የወጣ ሕግ ለአንድ ሰፋሪ 320 ኤከር፣ ወደ 130 ሄክታር፣ ይሰጥ ነበር። ሰው ግልብጥ ብሎ መጣ። በአሥራ ዘጠኝ መቶ አሥራዎቹ መጨረሻ ድርቅ ገባ፤ አብዛኛው ጥሎ ሄደ። ማንም የማይኖርበት ኩሊ ዳር ትንሽ ጥቁር አራት ማዕዘን፣ በላዩ ባንዲራ ካያችሁ ትምህርት ቤት ነበር። ሄዳችሁ ብታዩ የመሠረቱ ድንጋይ ሣር ውስጥ ይገኝ ይሆናል።

አዲሱ የሚበልጥበት ደግሞ ቅርጹ ነው። ላይዳር የሚሉት አለ። አውሮፕላን ላይ ሆኖ የሌዘር ብልጭታ ወደ መሬት ይልካል፣ ተመልሶ የሚመጣበትን ጊዜ ይለካል። የተለመደው የጥራት ደረጃ የከፍታ ስህተቱ አሥር ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ያቺ አራት ሜትሯ ድብቅ ገደል በዚህ አታመልጥም። የከብት ዱካ ሳይቀር እንደ ፀጉር ስንጥቅ ይታያል። በዚህም ምክንያት የድሮዎቹ ሰማያዊ መስመሮች አንዳንድ ቦታ ከመሬቱ ጋር እንደማይገጥሙ ታወቀ፤ ክሪኩ ዳገት የሚወጣ ይመስላል። ዩኤስጂኤስ የቆየውን የጅረቶች መረጃ ማደሱን በ2023 አቁሞ፣ ጅረቶቹን ከላይዳር ከፍታ አዲስ ወደማውጣት ገብቷል።

የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፦ ለስምና ለውሃ አሮጌውን፣ ለመሬቱ ቅርጽ አዲሱን። ሌላው ነገር ከሽማግሌው እርሳስ ነው።

ጂፒኤሴ ከወረቀቱ ጋር አልገጠመም። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። አሮጌው ቅጠል የተመሠረተው በ1927 የመለኪያ መነሻ፣ ማለትም የቦታ አቀማመጥ በሚሰላበት ሥርዓት፣ ነው፤ ጂፒኤሱ በአዲሱ ነው። ልዩነቱ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ነው፤ የተሳሳተ ኩሊ ውስጥ ለመግባት በቂ ነው። ቅጠሉ ግርጌ ላይ የትኛው እንደሆነ ተጽፏል። መሣሪያው ላይ እሱኑ ምረጡ።

ክሪኩን ተከትዬ የሰው መሬት ላይ መሄድ ይፈቀድልኛል?

ሞንታና ላይ ሕጉ ለጋስ ነው። በ1985 የወጣው ሕግ ሰው ለመዝናኛ የሚሆን ውሃ ያለበትን ወንዝና ጅረት እስከ መደበኛው የሙላት ምልክት ድረስ እንዲጠቀም ይፈቅዳል። ወደ ውሃው ለመድረስ ግን የግል መሬት ማቋረጥን አይፈቅድም። ደረቅ ኩሊ ደግሞ ወንዝ ነው ብላችሁ አትከራከሩ። የአጥር ቋሚ ላይ ደማቅ ብርቱካናማ ቀለም ካያችሁ «አትግባ» ማለት ነው።

አንኳኩታችሁ ጠይቁ። ቤቱ አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ቢርቅም ጠይቁ። ውሻው ይጮሃል፣ ቡናው ቀጭን ነው፣ ወሬው ግን ግሩም ነው።

ዳይኖሰር ባገኝስ?

ቀልድ አይደለም። በ1902 የቅሪተ አካል ፈላጊው ባርነም ብራውን በዚያው በዛሬው ጋርፊልድ ካውንቲ፣ ሄል ክሪክ አካባቢ፣ ቲራኖሶረስ ሬክስ የሚለው ስም የተሰጠበትን አጽም አግኝቷል። ክሪኮቹ አፈሩን እየቆረጡ አሮጌውን ድንጋይ ያወጡታል። በመንግሥት መሬት ላይ አጥንት ያለውን ቅሪት ያለ ፈቃድ ማንሳት ክልክል ነው። በግል መሬት ላይ ደግሞ የመሬቱ ባለቤት ንብረት ነው። ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ባለበት ተዉት።

ካርታውን ከየት አገኛለሁ? ስንት ነው?

ነጻ ነው። ከዩኤስጂኤስ ድረ ገጽ አዲሱም አሮጌውም ይወርዳል፤ ከ1884 ጀምሮ ያሉት ስካን ተደርገዋል። ቤት ሳላችሁ አውርዱ፤ እዚያ ኔትወርክ የለም። እኔ የምሄድበትን ቅጠል በወረቀት አሳትማለሁ፣ በላስቲክ እጠቀልላለሁ። እርሳስም እይዛለሁ።